የጋሽ አሊዪ እሺታ

ቅጹ አምስት መስመር ብቻ ነው ያለው። ከላይ ስምና መታወቂያ ቁጥር፣ ከሥሩ "የሚፈልጉትን የትምህርት ክፍል በቅደም ተከተል ይሙሉ" ይልና አምስት ባዶ መስመር። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ ከምማርበት ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ፣ በሚኒባስ ግፊያ ጥጉ እስኪተጣጠፍ። ሰኞ መመለስ አለበት። የዶርም ጓደኛዬ ሀይሚ የእሷን በአምስት ደቂቃ ሞልታ፣ "ሥራ የሚገኝበት ይቅደም፣ የማይገኝበት ይከተል" ብላ አስገብታ ተገላገለች። ቀናሁባት።

የእኔ ምርጫ ከጥር ጀምሮ የታወቀ ነበር። ያልነገርኩት ሰው የለም። በጥር አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ገበያ ተከፈተ ተብሎ በዜና ሲታይ፣ የተማሪዎች ካፌ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ ኳሱ ቀይሩልን ብሎ ሲያጉረመርም፣ እኔ ብቻ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሰዎችን ገንዘብ ተረክቦ የት ቢውል እንደሚያድግ የሚወስን ሰው እንዳለ፣ ሥራዬ ብሎም የሚውለው ይህንኑ እንደሆነ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ይሄ ሥራ የኔ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ባጠና እዚያ እንደምደርስ ማጣራት ጀመርኩ። አካውንቲንግ የሆነውን ይመዘግባል፤ ኢኮኖሚክስ ለምን እንደሆነ ያስረዳል፤ ፋይናንስ ግን "ታዲያ ዛሬ ምን እናድርግ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ምን እናድርግ ሲባል ቀድሜ የምመልስ ነኝ። ሳልጠየቅም እመልሳለሁ።

አባቴ በየነ ጡረተኛ ነው። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ገባ፤ ቢሮዎቹ ወደ ሮቤ ሲዛወሩ እሱ ከአሮጌ ፋይሎቹ ጋር እዚያው ቀርቶ፣ እዚያው ጡረታ ወጣ። ለእሱ የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቋሚ የሆነና ያልሆነ። ስለ ኢንቨስትመንት ስነግረው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ "የሰው ብር ይዘሽ ልትጫወቺ ነው?" አለኝ። "አካውንቲንግ ሙዪ። ሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ቢሮ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላየሁም። ግን ቢሮ ማን ፈለገ። ቅዳሜና እሑድ ጎባ በመጣሁ ቁጥር እንነታረካለን፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚያስታርቀን ስለሌለ ሻያችን ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። ሁለታችንም ግትር ነን፤ እሱ በዝምታ፣ እኔ በወሬ።

ጋሽ አሊዪ በግንቦት መጨረሻ ወደ ቤታችን ባይመጡ ኖሮ ይኼው ንትርክ እስከ ቅጹ ቀን ይዘልቅ ነበር።

ጋሽ አሊዪ የገሰራ ገበሬ ናቸው። አባቴን ያወቁት የዛሬ አርባ ዓመት፣ በአንድ የመሬት ጉዳይ ጎባ ሲመላለሱ ነው። ያኔ አማርኛ አይችሉም ነበር፤ አባቴ ማመልከቻቸውን ጻፈላቸው፣ መሬቱም ጸናላቸው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር እጃቸው ከገባ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የማዳበሪያ ውል፣ የልጆቻቸው የትምህርት ማስረጃ ሁሉ እኛ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አባቴ አንድም ቀን ሳንቲም ጠይቋቸው አያውቅም። እኔ ካወቅኳቸው ጀምሮ አማርኛቸው ከማንም አያንስም፤ ማንበብም ይችላሉ። ቢሆንም ወረቀት እኛ ቤት ካልተነበበ የተነበበ አይመስላቸውም።

"አካም ቡልታን?" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተውን ገቡ፤ ካፖርታቸው ላይ ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበር። "ሠርኬ፣ ኢንተለ፣ ልጄ፣ ትምህርት ጋሪዳ? ደህና ነው?"

"ደህና ነው ጋሽ አሊዪ። ይቀመጡ።"

ጉዳያቸውን ለአባቴ ተናገሩ። ከጥር አዝመራ ያቆዩት ሠላሳ ኩንታል ስንዴ ቤታቸው አለ። ሮቤ ላይ ጀሊል የሚባል እህል ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ሰጥቷቸዋል፤ ነገ መኪና ልላክ እያለ ነው። ውሉን ጽፎ ልኮላቸው ነበርና አባቴ እንዲያየው አመጡት። ገንዘቡ ለምን እንደሚፈለግም ነገሩን። ልጃቸው ሰቢሪና አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ጎባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ልትገባ ነው። ምዝገባው ነሐሴ ላይ ነው። "እሷን ካስገባሁ በኋላ የቀረው ለዘርና ለማዳበሪያ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ" አሉ።

አባቴ ውሉን አንብቦ ጨርሶ ደህና ነው ሊል ሲል እኔ ገባሁበት። "አሁን አይሽጡ" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ስልኬን አወጣሁና ያን ሰሞን ያገኘሁትን ግራፍ ከፈትኩት። የስንዴ ዋጋ በየወሩ፣ የአሥር ዓመት አማካይ። መስመሩ በጥር ዝቅ ይላል፣ በግንቦት ይወጣል፣ በነሐሴ ጫፍ ይደርሳል። ጣቴን በመስመሩ ላይ እየነዳሁ አስረዳኋቸው። አሁን መሸጥ ማለት ተራራው ወገብ ላይ ደርሶ መመለስ ነው አልኩ። ሁለት ወር ብቻ ቢታገሡ የሰቢሪናን ክፍያ ከትርፉ ብቻ ይሸፍኑታል አልኩ። ቃላት አከታተልኩ፤ "ወቅታዊ መዋዠቅ"፣ "የመጠበቅ ዋጋ"። አንዳንዱን ቃል ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያልኩት።

ጋሽ አሊዪ ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። "የበልጉስ?" አሉ ቀስ ብለው። "የእኛ አገር በልግ በሐምሌ ይደርሳል እኮ።"

"እሱም ተካቷል" አልኩ።

ተካቶ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ ስንዴ የማውቀው ዳቦ ሆኖ ነው። በልግ ሲባል ለእኔ ዩኒፎርሜን የሚያበሰብሰው የሚያዝያ ዝናብ ነው። አላውቅም ማለት ግን አባቴ ፊት፣ ያውም ከጥር ጀምሮ ከተሟገትኩት በኋላ፣ ከአፌ አልወጣም። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ተካቷል" አልኩ።

ጋሽ አሊዪ ወደ አባቴ ተመለከቱ። አባቴ እኔን እያየ ነበር። መነጽሩን አልሰቀለም፣ አልተቆጣም፤ ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀው ፈገግታ ነበር። ጋሽ አሊዪ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ "ጋሪዳ" አሉ። "የተማረ ያለው ይሁን።" እዚያው ተቀምጠው ለጀሊል ደወሉና መኪናውን እንዳይልክ ነገሩት። ሲወጡ ስልኬን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፤ የአባቴን ማመልከቻዎች የሚይዙት እንደዚያ ነው።

ያን ቀን አባቴ ስለ አካውንቲንግ መናገር ተወ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለሰዎች፣ "የእኔዋ እንኳ ኢንቨስትመንት ነው የምታጠናው፤ ገበሬ ሳይቀር ያማክራታል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ልቤ አበጠ። ክርክሩን ያሸነፍኩት በጋሽ አሊዪ እሺታ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሮቤ ውስጥ በእህል መጋዘኖቹ በኩል ሳልፍ መንገዱ ተዘጋግቶ አገኘሁት። ከየአቅጣጫው ስንዴ የጫነ መኪና ተደርድሯል፤ አዲስ ስንዴ። አንዱን ተሸካሚ የምን ስንዴ ነው ብዬ ጠየቅኩት። እንደ እብድ አየኝና "የበልግ ነዋ" አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ የነገረኝ ቁጥር ጀሊል በግንቦት ከሰጠው በብዙ ያነሰ ነበር። ደግሞም "የቆየ ስንዴ ከሆነ ከዚያም በታች ነው፤ ነቀዝ አለው፣ ማን ይፈልገዋል" ብሎ ጨመረልኝ። አጥር ተደግፌ ግራፉን ከፈትኩ። ከታች በደቃቁ ተጽፏል፤ የሀገር አቀፍ አማካይ፣ በመኸር ምርት ላይ የተመሠረተ። አብዛኛው አገር በዓመት አንድ ጊዜ ያጭዳል። ባሌ ሁለት ጊዜ ያጭዳል። ይህን እዚህ አካባቢ የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክር የምሰጠውም እኔ ነኝ።

መደወል ነበረብኝ። በዚያች ሰዓት ብደውል ምናልባት የቀረውን ያተርፉት ነበር። አልደወልኩም። ነገ፣ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ፈሪ ነኝ ማለት ይኸው ነው።

ዓርብ ዕለት ቅጹን ይዤ ጎባ ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። "አሊዪ ደውሎ ነበር" አለኝ። "ስንዴውን ሸጠ። ለዘርና ለማዳበሪያ እንጂ አልተረፈኝም አለ። ልጅቷ ዘንድሮ አትመዘገብም።" ትከሻዬ ላይ የነበረው ቦርሳ ከበደኝ። "ሌላ ምን አለ?" አልኩ። "ሌላማ ምን ይላል፣ ሰላም በላት አለ" አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ቅጹን ሞላሽ?" አለኝ።

በማግስቱ ለአባቴ ሮቤ ጉዳይ አለኝ ብዬ ገሰራ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ይቅር ተብዬ ቅጹን በሰላም ልሞላ ነበር የሄድኩት። ሚኒባሱ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ሲጓዝ ግራና ቀኙ ማሳው ለጥር አዝመራ እየተዘራ ነበር።

ሰቢሪና በር ላይ ተቀበለችኝ። እኩያዬ ናት፤ ልጆች ሆነን አባቷን ተከትላ ትመጣና ጎባ አብረን እንጫወት ነበር። ሳመችኝና አስገባችኝ። ጨጨብሳ አቀረበችልኝ። እጄን ስሰበስብ አይታ፣ "በዘይት ነው የሠራሁት። ፍልሰታ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?" አለች። ቆርሼ ጎረስኩ። ስለ ዶርም፣ ስለ ሀይሚ፣ ስለ መምህራኑ ጠየቀችኝ። ስለ ራሷ ስጠይቃት፣ "ዋጋው ወረደ፤ ምን ይደረጋል። የአላህ ሥራ ነው፣ ለከርሞ እገባለሁ" አለች። ለከርሞ ስትል ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። የከርሞው ስንዴ ሌላ ጉዳይ ይዞ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሻይ ልታፈላ ስትወጣ ጋሽ አሊዪ ከማሳ ገቡ። እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ ጀመርኩ። ግራፉን፣ ከታች የተጻፈውን፣ ተካቷል ያልኩትን፣ በሐምሌ አውቄ አለመደወሌን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት። አልተቆጡም። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ተቀመጡ።

"አውቅ ነበር፣ ኢንተለ" አሉ።

"ምኑን?"

"በሐምሌ እንደሚወድቅ። አባቴም ያውቅ ነበር። የበልግ ስንዴ ሲገባ ዋጋ የወጣበትን ዓመት እኔ አላስታውስም።"

ያልሰማሁ መሰለኝ። "ታዲያ ለምን እሺ አሉ? ለምን ለጀሊል ደወሉ?"

"በየነ ተቀምጦ ነበር እኮ። ፊቱን አላየሽውም? እናትሽ ካለፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።" እጃቸውን ዘረጉ። "አርባ ዓመት ወረቀት ጽፎልኛል። ቤቱ ተቀምጬ፣ ሻዩን እየጠጣሁ፣ ልጅህ አታውቅም ልበለው? በልጉን አነሳሁልሽ፤ ተካቷል አልሽ። ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ። ምናልባትም ስልክሽ እኔ የማላውቀውን ያውቅ ይሆናል አልኩ።"

ደሜ ፈላ። ይቅርታ ልለምን የመጣሁት እኔ እሳቸው ላይ ተናደድኩ። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ያን ቀን "ዝም በይ፣ የማታውቂውን አታውሪ" ብለው ቢገሥጹኝ ኖሮ ስንዴው ተሸጦ ነበር። ንዴቴ ግን ብዙ አልቆየም፤ የሚያርፍበት አጣ።

"ለበየነ እንዳትነግሪው" አሉኝ። "ደስ ብሎት ይቆይ።"

ያኔ ነው ሰቢሪናን ያየኋት። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ስንት እንደሰማች ከፊቷ ያስታውቃል። ብርጭቆዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ በኦሮምኛ፣ "አባ፣ የኔስ ፊት?" አለች።

ጋሽ አሊዪ ፎጣውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ ማጠፍ ጀመሩ፤ ካጠፉት በኋላ ፈትተው እንደገና አጠፉት። ለአንድ ወረዳ ሽማግሌ ሆነው የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ።

እስከ መናኸሪያው ሰቢሪና ሸኘችኝ። አትሸኘኝም ብዬ ነበር። ጭቃውን እየዘለልን ሄድን። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ፣ "ምን ልትሞዪ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም። ምን ልሙላ?"

"እኔን አትጠይቂኝ። የፈለግሽውን ሙዪ።" ሻሿን አጠበቀች። "አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሌላ ጊዜ ስለ እኛ ስንዴ ስታወሪ እኔም ልጠራ። እኔ እንደ አባቴ አላፍርም።"

እሺ አልኳት። ሌላ ጊዜ ይኖራል ብላ እንደተናገረች የገባኝ ሚኒባሱ ከተነሳ በኋላ ነው። አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መጀመሪያ መሐረብ፣ ቀጥለው ሁለት እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ፤ ምን ሆነሽ ብለው አልጠየቁኝም።

መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ስለ ቅጹ ነበር። አንደኛ ግብርና ኢኮኖሚክስ ልሙላና ልካስ አልኩ። ያምር ነበር፤ ለሰው ሲወራም ደስ ይላል። ግን ስንዴ ላጠና ፈልጌ ሳይሆን ጥፋቴን ልሸፍን ነው። አካውንቲንግ ልሙላና አባቴን ላስደስተው አልኩ፤ እሱ ደግሞ ከአሁን በኋላ አካውንቲንግ ብሞላ የሚያዝን ሆኗል። ፋይናንስ ስል ሰቢሪና ትመጣብኛለች። ችግሩ አሁንም የምፈልገው እሱን ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ የሰው ገንዘብ ይዤ ምን እናድርግ ብዬ መወሰን እፈልጋለሁ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ጎባ ስደርስ ገና አልመሸም፤ ጭጋጉ ግን ከተራራው ወርዶ ደጃችን ደርሶ ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ነው። እንዳልነግረው የተባልኩትን ሁሉ ነገርኩት። ጋሽ አሊዪ አውቀው እሺ እንዳሉ፣ ለእሱ ፊት ብለው እንደሆነ፣ ሰቢሪና ምን እንዳለች። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ቆሽሾ አልነበረም።

"እኔም አውቅ ነበር" አለ።

"አንተ?"

"ባሌ ስድሳ ዓመት ኖሬ የበልግ ስንዴ መቼ እንደሚገባ ይጠፋኛል? መዝገብ ቤት የምን ፋይል ነበር የምይዘው?" ድምፁ እየወረደ ሄደ። "አሊዪ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ገበሬው እሱ ነው። በልጉን አነሳ፣ አንቺ መለስሽለት፣ እሱም ጋሪዳ አለ። ገበሬው ጋሪዳ ካለ የቢሮ ሰው ምን ይላል? ደግሞም ስትናገሪ ደስ አለኝ። እናትሽን መሰልሽኝ።"

ለካ ሳሎኑ ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ላንዱ፣ ሁለቱም ለእኔ አዝነው ዝም አሉ፤ ዋጋውን እዚያ ያልነበረችው ልጅ ከፈለች። ወደፊት ገንዘቡን የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ እንዲህ ፊቴን አይቶ እሺ ቢለኝስ? ይህን የሚያስተምር የትምህርት ክፍል ከአምስቱ መስመር ውስጥ የለም።

ቅጹን አወጣሁ። አባቴ ሳልጠይቀው የደረት ኪሱን እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ የጋሽ አሊዪን ማመልከቻዎች የጻፈበት ዓይነት ነው፣ ሌላ አይወድም። የተጣጠፈውን ጥግ በመዳፌ አቃናሁና አንደኛው መስመር ላይ "ባንኪንግና ፋይናንስ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ያሉትን አራቱን ቶሎ ቶሎ ሞላሁ።

አባቴ ቅጹን ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የመንግሥት ደብዳቤ እንደሚያነብ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ጎበዝ" አለኝ። "ጥሩ መርጠሻል።"

ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ይሄንንም አውቆ ዝም እያለኝ እንደሆነ ልለይ ፈልጌ ብዙ ቆየሁ። መለየት አልቻልኩም።